ከ«የኔ ቆንጆ» እስከ «ማዘር»፦ የሴቶች የመዋቢያ ወጪ በዕድሜ ወዴት ይሄዳል?

የጥር ቅዳሜ ነበር፤ የሰርግ ወር። ሰፈራችን ያለው ፀጉር ቤት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሞልቷል። ሦስት ሚዜዎች ካስክ ሥር ተደርድረዋል። አራተኛዋ አንድ እጇን ለጥፍር ሠሪዋ ሰጥታ በሌላው ስልኳን ትነካካለች። የሙሽራዋ እናት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሹሩባ የሚሠሩበትን ተራ ይጠብቃሉ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። የአንዷ ሚዜ ሥራ ባለቀ ቁጥር ሒሳብ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

እኔ ፀጉሬን ለመታጠብ ነበር የገባሁት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «ማዘር፣ ትንሽ ይጠብቁ» አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ቤት «የኔ ቆንጆ» ነበርኩ። ቅር አላለኝም። ግን መጠሪያዬ ሲቀየር የሚቀርብልኝ ነገርም እንደተቀየረ ገባኝ። ያኔ አዲስ የመጣ የፀጉር ቀለም በሙሉ ይነገረኝ ነበር። አሁን የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሽበቱን እናጥፋው?»

«ሴት ልጅ በወጣትነቷ ታጌጣለች፤ ስትወልድ ትተወዋለች» ይባላል። ነጋዴውም ያምንበታል። ቡቲክ ውስጥ ከ45 ዓመት በላይ ላለች ሴት ታስቦ የተዘጋጀ መደርደሪያ የማይገኘው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ወጪው ይቆማል ብዬ አላምንም። ቦታ ነው የሚቀይረው። ለማን እንደሚወጣ፣ ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ በምን ስም እንደሚወጣ ይለወጣል። ስሙ ሲለወጥ ደግሞ ማንም የመዋቢያ ወጪ ብሎ አይቆጥረውም።

ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ

በ20ዎቹ መጀመሪያ ያለች የከተማ ልጅ በአንድ ጊዜ ብዙ አታወጣም። ግን ወጪው አያርፍም። ዛሬ ጥፍር ነው፤ በሳምንቱ ቅንድብ ነው፤ በወሩ ሹሩባ ማስፈታትና እንደገና መሠራት ነው። ሂውማን ሄር ከተጨመረበት ሌላ ሒሳብ ነው። ልብሱ ከቴሌግራም ቻናል ይመረጣል። ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል፤ ሞተረኛ በር ድረስ ያመጣዋል። ብሩ በእጅ ስለማይቆጠር ምን ያህል እንደወጣ የሚታወቀው ወሩ ሲያልቅ ነው።

ብልሃት የሚበዛበትም ዕድሜ ነው። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ገብታ፣ ከክምሩ ውስጥ አንድ ጥሩ ጃኬት መዝዛ፣ አሳጥባና አስጠብባ የምትለብስ ልጅ አውቃለሁ። ያ ጃኬት አራት ጓደኛሞች ላይ ይዞራል። እንዲዞር የሚያደርገው ፎቶ ነው። አንዴ ፎቶ የተለጠፈበት ልብስ በዚያው ወር ዳግም እንዲታይ አይፈለግም። እኛ በዚያ ዕድሜ አንድ ቀሚስ ለሁለት ዓመት በዓል እንለብስ ነበር፤ የሚያየን ሰፈሩ ብቻ ነበረ። የዛሬዋን ልጅ የሚያያት ሰው ብዛት ከኛ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ «ያሁን ልጆች አባካኝ ናቸው» የሚለውን ፍርድ አልቀበልም።

ግን ገቢውን እንየው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ በዲግሪ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ 11,500 ብር ይከፈለዋል። ግብርና ጡረታ ይቆረጥበታል። ከዚያ ቤት ኪራይ፣ ታክሲና ምግብ አለ። በአገራችን የዋጋ ግሽበት ስሌት ውስጥ ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ክብደት ይዟል። ለፀጉርና ለጫማ የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ዕቃው ደግሞ አብዛኛው ከውጭ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያደርግ ሽቶና መዋቢያም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ከገበያ ግን አልጠፉም። ከዱባይና ከቱርክ በሻንጣ ይገቡ ነበር። የሻንጣ ነጋዴ ዶላር የሚያገኘው ከጥቁር ገበያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም አብሮ ተነሣ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ብዙ ሰው ዋጋ የተሰቀለው ያን ቀን ይመስለዋል። ክሬምና ሊፕስቲክ ለምትገዛ ልጅ ግን ጭማሪው ቀድሞ የገባ ነበር። ባንክ 57 እያለ እሷ በጥቁር ገበያው ሒሳብ ስትከፍል ነው የቆየችው።

ብዙዎቹ «ለሥራዬ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። እንግዳ መቀበያ ላይ፣ ባንክ መስኮት ላይ፣ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ልጅ ሳትሰናዳ አትገባም። ወጪው ግን በደመወዝ መልክ ይመለሳል ወይ? በ1996 እ.ኤ.አ. ሻንጋይ ውስጥ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርተው ኢኮኖሚስቶች ይህንኑ ፈትሸዋል። ቆንጆ ተብለው የተገመቱ ሴቶች በርግጥ የተሻለ ይከፈላቸው ነበር። ልብስና ኮስሞቲክስ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣትም ግምቱን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ወጪው በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ከወጣው ገንዘብ በደመወዝ መልክ የሚመለሰው ጥቂቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሌላው የራስ ደስታ ነው። የራስ ደስታ ነውር የለውም። ግን «ኢንቨስትመንት ነው» ተብሎ ከዕቁብ ላይ ተበድሮ ሲወጣ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የማውቃት ሴት ታሪክ ስለሆነ። ከ18 ዓመቷ ጀምሮ ቀጭን ሹሩባ ከግንባሯ ጠበቅ አድርጋ ትሠራ ነበር። ሹሩባው ሲፈታ ፒያስትራ፣ ከፒያስትራው በኋላ ኬሚካል። በ30ዎቹ መጨረሻ የጆሮ ግንዷ አካባቢ ያለው ፀጉር ሳሳ። አሁን 46 ዓመቷ ነው፤ ያለ ዊግ ከቤት አትወጣም። ለዓመታት ሲጎተት የኖረ ፀጉር ከሥሩ እንደሚጎዳ የቆዳ ሐኪሞች ይናገራሉ። በጊዜ ከተተወ ይመለሳል። ሥሩ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን አይበቅልም። እሷ ዛሬ ለዊግ የምትከፍለው በ18 ዓመቷ የጀመረ ወጪ ነው። ሹሩባ ስትሠሩ «ላላ አድርጊው» ማለት ምንም አያስከፍልም።

እናት ስትሆን

በ30ዎቹ ውስጥ መጀመሪያ ወጪው ይፈነዳል፤ ከዚያ ድንገት ይጠፋል። የሚፈነዳው በሰርግ ነው። የራሷ ሰርግ ብቻ አይደለም፤ የጓደኞቿም ነው። ሚዜ መሆን ክብር ነው፤ ቀሚስ፣ ጫማ፣ ፀጉርና ሜካፕም ነው። ለቬሎው ቀን አንድ ልብስ፣ ለመልሱ ሌላ የሀበሻ ልብስ ያስፈልጋል። በአንድ ጥር ሦስት ጊዜ ሚዜ የሆነች ልጅ ዕቁቧን በሙሉ እዚያ ላይ ስታፈስ አይቻለሁ። «አልችልም» ማለት ጓደኝነት ማፍረስ ሆኖ ይታያል።

ከዚያ ልጅ ይመጣል። በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ ከበጀት መጀመሪያ የሚሰረዘው የእናትየዋ ልብስ ነው። ለእንቁጣጣሽ ልጆቹ ይለብሳሉ፤ ለባልየው ሸሚዝ ይገዛል፤ እሷ «አምና የገዛሁት አለኝ» ትላለች። ሌላ ሳይነገር የሚታለፍ ነገርም አለ። ከእርግዝና በኋላ እግር ሊሰፋና ሊረዝም ይችላል። የድሮ ጫማዎቿ በሙሉ አይገቡም። ቀሚሶቿም እንደዚያው። ልክ ልብስ መግዛት ባለባት ሰዓት ነው መግዛት የምታቆመው። ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ዓመት በማይሆናት ልብስ ትኖራለች፤ ሰዎች «ራሷን ጣለች» ይሏታል። ይሄ አባባል ያናድደኛል። ራሷን አልጣለችም። ገንዘቧን ለልጅዋ ጫማ ሰጠች እንጂ።

ሥራው የሚጀምረው በ50

በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የቤተሰብ ወጪ በዕድሜ እንዴት እንደሚለወጥ ለያይቶ አይቷል። ሰው ከመካከለኛ ዕድሜ በኋላ ወጪው ይቀንሳል የሚባለው በሁሉም ነገር ላይ እንዳልሆነ አሳየ። በዋናነት የሚቀንሱት ምግብ፣ መጓጓዣና ልብስ ናቸው። መጓጓዣና ልብስ ከሥራ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ቢሮ መግባት ሲቀር የቢሮ ልብስ ይቀራል። ምግብም እቤት የሚውል ሰው ራሱ ስለሚያበስል ይረክሳል።

ይህን ሳነብ የኛዎቹን እናቶች አሰብኩ። የኛ አገር ሴት በ60 ዓመቷ ከመሥሪያ ቤት ጡረታ ትወጣለች። ከሌላኛው ሥራዋ ግን አትወጣም። እንዲያውም እሱ የሚበረታው ያኔ ነው። የልጆቿ ምርቃት፣ ሽማግሌ መቀበል፣ ሰርግ፣ ቅልቅል፣ መልስ። የልጅ ልጅ ክርስትና። ማኅበር፣ ዕድር፣ ለቅሶ፣ ሰልስት፣ አርባ። ሙስሊም ጎረቤቴም እንደዚሁ ናት፦ ኒካህ አለ፣ ዒድ አለ፣ ለየአንዳንዱ የሚመጥን አባያና ሻሽ አለ። በነዚህ ቦታዎች ላይ ሴትየዋ የምትታየው ለራሷ ብቻ አይደለም። ቤቱን ወክላ ነው የምትቆመው። «የእገሌ እናት እንዴት ለብሳ መጣች» የሚለው ነገር ልጆቿንም ይነካል።

ለዚህ ነው ነጠላ ብቻውን አንድ ሙሉ ሳጥን የሚሞላው። ለዘወትር የሚደረብ አለ። ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስ ንጹሕ ነጭ አለ። ለሰርግ ሰፊ ጥለት ያለው አለ። ለለቅሶ ደግሞ ነጠላው ተገልብጦ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይመጣል፤ ለዚያ የሚመረጠው ጥለቱ ያልደመቀ ነው። ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉም አንድ ነጭ ጨርቅ ይመስለዋል። የእናቴን ሳጥን የሚያውቅ ግን አንዱ በሌላው እንደማይተካ ያውቃል።

ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ በእጅ የተሸመነ መነን ላይ ጥልፍ የተሠራበት ቀሚስ የብዙ ሰው ድካም አለበት። ፈታይ አለች፣ ሸማኔ አለ፣ ጠላፊ አለ፣ ሰፊ አለ። የዶርዜ ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያ እያመላለሰ ነው ጥበቡን የሚያወጣው። ይህን ማፍጠን አይቻልም። ከጎኑ ከውጭ የመጣ፣ ጥበብ የታተመበት ሽፎን ተሰቅሏል። ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ ወጣቶቹ ይወዱታል። የእናቴ ዕድሜ ሴቶች ግን በጣታቸው ይዳስሱትና ይተዉታል። ስለዚህ በዕድሜ የገፋችው ሴት በዓመት አንድ ቀሚስ ብቻ ብትገዛም፣ የምትገዛው ውዱን ነው። የሸማኔውን ኑሮ ተሸክመው ያሉት፣ በኔ እምነት፣ እነዚህ «ማዘር» የምንላቸው ሴቶች ናቸው።

ገላውም ወጪ አለው። ስታርጥ ቆዳ ይለወጣል። ካረጠች በኋላ ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቆዳን ወጥሮ ከሚይዘው ኮላጅን 30 በመቶ ገደማው ይጠፋል። ፊት ይደርቃል፤ ፀጉር ይሳሳል። ከዚያ በፊትም ማዲያት አለ፤ ከእርግዝና ወይም ከወሊድ መከላከያ ኪኒን ጋር የሚመጣ፣ ፀሐይ የሚያባብሰው። ለማዲያት ብለው የፊት ማቅያ የሚገዙ ሴቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ይገኛል። መጀመሪያ ፊቱ ይጠራል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፤ ሲተዉት ማዲያቱ ብሶ ይመለሳል። ለማቅያው የሚወጣው ብር ለፀሐይ መከላከያና ለአንድ የሐኪም ምርመራ ቢውል ይሻላል። ከ40ዎቹ በኋላ ደግሞ መነጽር ይመጣል፤ ጥርስ ይመጣል፤ ታኮ ጫማ ጉልበት አልችል ሲል ለስላሳ ጫማ ይመጣል። «ሕክምና» እያልን እንመዘግባቸዋለን። ግን የመነጽር ፍሬም ስትመርጥ መስታወት ፊት አንድ ሰዓት የቆመችን ሴት ጠይቋት።

ወርቅ ከዚህ ሁሉ ለየት ይላል። የሙሽራ ወርቅ ተገዝቶ ሲታይ ጌጥ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ቁጠባ ይሆናል። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ 4,000 ዶላርን አልፏል። ብር ደግሞ በዚያው ዘመን ከዶላር አንጻር ወድቋል። በ25 ዓመቷ የገዛችውን ቀለበትና ሐብል ያልሸጠች ሴት ዛሬ ብሯን በባንክ ደብተር ካስቀመጠችው ሴት ትበልጣለች። ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ደመወዛቸውን አጠራቅመው አንገታቸው ላይ አድርገው የሚመጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው። «ወርቅ ወዳድ» ብሎ ማማት ይቀናናል። በማንም ስም ያልተመዘገበ፣ ባል ሳይፈርም የሚሸጥ፣ ልጅ ሲታመም በአንድ ቀን ብር የሚሆን ሀብት ለብዙ ሴት ሌላ አልነበራትም።

ዕድሜ ሲገፋ ሌላ ለውጥ ይመጣል። መክፈል ይቀርና መቀበል ይበዛል። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። እህቴ ከአሜሪካ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ትልክላታለች። በፍቅር የተመረጠ ነው። ግን ሱሪው ጠባብ ነው፤ ሹራቡ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ጫማው ቁጥሩ ልክ ነው፣ ስፋቱ ግን አይደለም። እማዬ እየመረቀች ትቀበላለች። ከዚያ አንድ በአንድ ለጎረቤት ልጆች ታድላለች። እህቴ የምታወጣው ገንዘብ የእናታችን የልብስ ወጪ ነው ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የእማዬን ምርጫ ግን ማንም አልጠየቀም።

ባለፈው ዓመት የልጄ መልስ ሲደርስ እማዬ «ዘንድሮ ራሴ ነኝ የማሰፋው» አለች። ከጡረታዋ አጠራቅማለች። ሽሮ ሜዳ ይዣት ወጣሁ። መነኑን መረጠች፤ ጥበቡን መረጠች፤ ሰፊው ዘንድ ገባን። ልጁ ለካት፤ ጻፈ። «በቀኝ በኩል ኪስ ይግባልኝ» አለችው።

«እማማ፣ የሀበሻ ቀሚስ ኪስ የለውም እኮ» አላት።

«መነጽር አለኝ። ቁልፍ አለኝ። የደም ግፊት ኪኒን አለኝ። ቦርሳ ይዤ ልጨፍር ነው?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። ጥበቡ እንዳይበላሽ ኪሱን በስፌቱ መሐል እንደሚደብቀው ነገራት። ተጨማሪ ጠየቃት፤ ሳትከራከር ከፈለች።

በመልሱ ቀን እማዬ እስክስታ ወረደች። ስትቀመጥ ላቧን የምትጠርግበትን መሐረብ ከኪሷ አወጣች። አጠገቧ የነበሩት ሦስት የማኅበር ጓደኞቿ ዝም ብለው አዩ። አንደኛዋ እጃቸውን ሰደው ኪሱን ዳሰሱት።

«የት ነው ያሰፋሽው?» አሏት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስቱንም ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ።